ቃሉን ማወቅና ትርጓሜውን ማወቅ፦ የብሪታንያ የዜግነት ፈተና ከእስቴና ከጋይንት ሲታይ

(በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



 የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከዚህ ቦታ የራቀ ይመስላል። የብሪታንያ መንግሥት ዜጋ ለመሆን ለሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠው የታሪክና የኑሮ ፈተና ከመካነ ኢየሱስ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይፈረድም። ነገር ግን ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እኅቱን ወደ ውጭ አገር ያልሸኘ ቤተ ዘመድ እየተመናመነ መጥቷል። ከዚያም በላይ፣ በፈተናው መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈው ታሪክ አንድ ክፍል በዚሁ በእኛ ምድር ላይ የተፈጸመ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የአንድ አገር ዜጋ ለመሆን ስለዚያ አገር ምን ማወቅ ይገባዋል? ማወቁንስ ማን፣ በምን ሚዛን ይመዝነዋል? ይህን ጥያቄ በብሪታንያው ፈተና አስታክኬ አነሣለሁ፤ መጨረሻው ግን ወደ ራሳችን የታሪክ ትምህርት ይመልሰናል።

፩. ፈተናው ምንድን ነው?

በብሪታንያ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት የሚጠይቅ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆነ ሰው፣ ሕመምን የመሰለ ልዩ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ «በዩናይትድ ኪንግደም ያለ ኑሮ» የተሰኘውን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን 24 ጥያቄዎች አሉት። የተመደበው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ለማለፍ ከመቶ 75፣ ማለትም 18 ጥያቄዎችን በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ክፍያው 50 ፓውንድ ነው። የወደቀ ሰው ሰባት ቀን ቆይቶ እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ በተቀመጠ ቁጥር ግን በድጋሚ ይከፍላል። የዜግነት ማመልከቻው ክፍያ ደግሞ ለብቻው ከ1,500 ፓውንድ ይበልጣል። በዚህ ላይ እንግሊዝኛ መናገርና አዳምጦ መረዳት መቻልን በማስረጃ ማረጋገጥ ይጠየቃል።

ፈተናው ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የዜግነት፣ የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ መንግሥት በፖለቲካ ሳይንቲስቱ በሰር በርናርድ ክሪክ የሚመራ አማካሪ ቡድን አቋቁሞ ነበር። አዲስ ዜጎች በሕዝብ ፊት ቃለ መሐላ የሚፈጽሙበት የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በለንደን ብሬንት በተባለው አካባቢ ተካሄደ፤ ከተገኙት እንግዶች አንዱ የያኔው አልጋ ወራሽ፣ የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ነበሩ። ፈተናው ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ዜግነት ለሚጠይቁ፣ በ2007 ደግሞ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለሚጠይቁ ግዴታ ሆነ።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች የአገሪቱ ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከታሪኩ ምዕራፍ ጥያቄ አይወጣም ነበር። ፈተናው ያተኮረው ሰው በዕለት ኑሮው በሚያጋጥሙት ጉዳዮች ላይ ነበር፦ ሐኪም ቤት መመዝገብ፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ቤት መከራየት፣ ሥራ መፈለግ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ሚዛኑ ተገለበጠ። የኑሮው ክፍል ቀነሰ፤ ታሪኩ ሰፋ፤ ከዚያም ወዲህ ታሪኩ የሚፈተን ሆነ። የታሪኩ ምዕራፍ ርእስ ራሱ የአገሪቱ ታሪክ ረጅምና አንጸባራቂ መሆኑን አስቀድሞ ያውጃል። ተፈታኙ ገና አንድ ገጽ ሳያነብ ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው።

፪. የሚመሰገነው ይመስገን

ነገሩን በሚዛን ማየት ስለሚገባ በመጀመሪያ መልካሙን ልናገር። በእኛ ዘንድ «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይባላል። ወደ ሰው አገር የገባ ሰው የዚያን አገር ወግና ሕግ ማወቁ ለራሱ ይጠቅመዋል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1215 የተጻፈው ማግና ካርታ ንጉሥም ከሕግ በታች መሆኑን እንዴት እንዳስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1679 የወጣው ሕግ ማንም ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር እንዴት እንደ ተከላከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1689 የመብቶች ሕግ ፓርላማው ከዘውዱ ላይ ምን ሥልጣን እንደ ወሰደ ይተርካል። እነዚህ ለማንም ሕዝብ የሚጠቅሙ ትምህርቶች ናቸው።

በተለይ ለሴቶች የሚጠቅም ክፍል አለው። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባና አስገድዶ መድፈር ወንጀል መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ መዳር በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ የሴት ልጅ ግርዛት እንደ ተከለከለና ልጅን ለዚሁ ሲባል ወደ ሌላ አገር መውሰድም ወንጀል መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ያለዕድሜ ጋብቻ ምን እንደ ሆነ በሚታወቅበት በእኛ አካባቢ ተወልዳ ያደገች እናት፣ ይህን ሕግ ማወቋ ለእርሷም ለልጇም ጋሻ ነው። ስለዚህ «እንግዳ ለምን ይማራል?» የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ ስለ ፈተናው ነው።

፫. ከወቀሳዎቹ መካከል

ወቀሳው ከውጭ ሰዎች ብቻ የመጣ አይደለም። በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ቶም ብሩክስ፣ ራሳቸው ከአሜሪካ መጥተው ይህን ፈተና አልፈው የብሪታንያ ዜጋ የሆኑ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ መጽሐፉ የዓመተ ምሕረት ቁጥሮችን እየደረደረ አምቡላንስ መጥራትንና ወንጀል ማመልከትን የመሰሉ አስፈላጊ ነገሮችን ችላ ማለቱን ነቅፈዋል። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛን ስድስት ሚስቶች ስም የሚያጠና ሰው ልጁ በሌሊት ሲታመምበት ያ ዕውቀት አይደርስለትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የላይኛው ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ፈተናውን መርምሮ፣ ጥያቄዎቹ የተበታተኑና ለኑሮ የማይረቡ መሆናቸውን ገልጾ እንዲከለስ ጠይቋል።

ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሣው ክርክር ነው። ከመቶ በላይ የሆኑ የታሪክ ምሁራን በፈረሙበት ግልጽ ደብዳቤ፣ መጽሐፉ ስለ ባሪያ ንግድና ስለ ቅኝ ግዛት የሚተርከው ነገር የተዛባ መሆኑን አስታወቁ። ቅኝ ግዛቶች ነጻ የወጡት በአብዛኛው ሰላማዊና ሥርዓት ባለው መንገድ እንደ ነበር አድርጎ ማቅረቡ፣ በኬንያም ሆነ በህንድ ክፍፍል ጊዜ የፈሰሰውን ደም የሚሸፍን መሆኑን አመለከቱ። ልብ በሉ፤ ከቅኝ ግዛት ከመጡ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው ወላጆቹ ከነገሩት የተለየውን መልስ ካልመረጠ ነጥብ ያጣል። ፈተናው የሚመዝነው ዕውቀትን ነው ወይስ መስማማትን?

ሌላም የማይታይ ሸክም አለ። ፊደል የመቁጠር ዕድል ሳታገኝ አድጋ በስደት እንግሊዝኛ የለመደች አንዲት እናት፣ ለዓመታት ቤት ስታጸዳ ወይም አረጋውያን ስትንከባከብ ኖራ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ስለ 1066ቱ የኖርማኖች ወረራ ትጠየቃለች። ያ አገር ሠራተኛነቷን፣ ግብር ከፋይነቷን፣ ጥሩ ጎረቤትነቷን ቀድሞ ያውቃል። ፈተናው ግን ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም። ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸርም ይቻላል፦ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት በሠራው ሥርዓት 100 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀድመው ለሕዝብ ይታተሙ ነበር፤ ፈታኙ መኮንን ከእነርሱ ውስጥ እስከ 10 ድረስ በቃል ይጠይቅ ነበር፤ ስድስቱን የመለሰ ያልፍ ነበር። የጀርመኑ ፈተና 33 ጥያቄዎች ሲኖሩት 17 መመለስ በቂ ነው። ስለዚህ ዜግነት ሰጪዎቹ አገሮች ራሳቸው «በቂ ዕውቀት» በሚለው ላይ አይስማሙም።

፬. ቃልና ትርጓሜ

አሁን ወደ ራሳችን መለኪያ ልምጣ። እናንተ የምትኖሩት ተራ በሆነ የትምህርት አካባቢ አይደለም። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ነው፤ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስልቱ የታወቀ ነው። ከሸዋም ከጎጃምም ከትግራይም የመጣ ተማሪ ቃሉን አጥንቶ፣ በመምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው «ተመሰከረለት» የሚባለው። በቃል ማጥናትን የሚንቅ ሰው ይህን ትምህርት አያውቀውም። ቃል የሌለው ሰው ትርጓሜ የሚያቆምበት መሠረት የለውም።

ነገር ግን በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ቃል መጨረሻ አይደለም። ዳዊት የደገመ ተማሪ ገና ትርጓሜ ቤት አልገባም። ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ የሚጠብቀው አንድ መልስ አይደለም። መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ፍቺዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ተማሪው የሚመሰገነው ሁሉንም ይዞ ከየትኛው ንባብ እንደ ወጡ ማስረዳት ሲችል ነው።

በዚህ መለኪያ የብሪታንያው ፈተና ቃል ይጠይቃል፤ ትርጓሜ አይጠይቅም። ከአራት ምርጫ አንዱን ማጥቆር «አንድም» ለሚል ሰው ቦታ የለውም። እንግዲህ ፈተናውን ማሻሻል የእኛ ሥልጣን አይደለም። መጽሐፉን በአንድምታ ማንበብ ግን የሚከለክለን የለም። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ንባብ፦ መጽሐፉ በቪክቶሪያ ዘመን ስለ ነበረው ታላቅነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1856 ስለ ተደረገው የክራይሚያ ጦርነትና በዚያ ስለ ታወቀችው አስታማሚ ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ያስተምራል። አንድም፦ በዚያው ጦርነት ስሟ የገነነው የሴባስቶፖል ከተማ ስም፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በጋፋት ለተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ ትልቅ መድፍ ተሰጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ቆንስሉና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት አመራ። በ1860 ዓ.ም. ጥቢ ላይ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ያን መድፍ በጋይንት በኩል አስጎትተው ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ አደረሱት። በሌላው ወገን ሰር ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር ዳርቻ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከአምባው የተዘረፈው ቅርስ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ፤ ብራናዎቹ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። በፈተናው መጽሐፍ መቅደላ ራሱን የቻለ ርእስ የለውም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሁለተኛው ንባብ፦ መጽሐፉ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችውን ኤመሊን ፓንክኸርስትን ያከብራል። እ.ኤ.አ. በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ እንደ ወንዶቹ ከ21 ዓመት ጀምሮ መምረጥ እንደ ቻሉ ያስተምራል። አንድም፦ የኤመሊን ልጅ ሲልቪያ፣ በዚያው ትግል ደጋግማ የታሰረች፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ መሥርታ ለዓመታት አሳትማለች። በኋላም አዲስ አበባ መጥታ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። ልጇ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፤ የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱም ከታገሉት አንዱ ነበር። ከአዲስ አበባ ሄዶ ለንደን ላይ ለፈተና የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ፣ ስለ እናቲቱ ሲጠየቅ ልጅቷ በማን አገር አፈር እንደ ተኛች ቢያውቅ፣ መልሱ ያው ቢሆንም ዕውቀቱ ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛው ንባብ፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ጀመረ። አንድም፦ ለእኛ ጦርነቱ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አብዛኛውን የኢትዮጵያ ግዛት ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ፤ ዕቅዱ ተጋለጠና የብሪታንያ ሕዝብ ራሱ ተቆጥቶ ሚኒስትሩን ከሥልጣን አስወረደ። እ.ኤ.አ. በ1938 የብሪታንያ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ አድርጎ ተቀበለ፤ ስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ግን በዚያው አገር በባዝ ከተማ ተጠልለው ይኖሩ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው መንግሥት ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን ወጋ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠላትም ወዳጅም፣ ከዳተኛም ባለውለታም አንድ መንግሥት ነው። ይህን በአንድ ምርጫ እንዴት ታጠቁሩታላችሁ?

፭. ያለ ፈተና የተማረው ልጅ

የብሪታንያን ኑሮና ታሪክ ከማንም ይበልጥ እንዲማር የተገደደ አንድ የዚህ አገር ልጅ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1861 በጎረቤታችን በደብረ ታቦር ተወለደ። በሰባት ዓመቱ አባቱ ሞቱ፤ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ሞቱ፤ እርሱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ንግሥቲቱ በእንክብካቤ ዐይን አዩት፤ በጊዜው ስመ ጥር ወደ ሆኑት ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ቋንቋውን አወቀ፤ ጨዋታውን ተጫወተ፤ ልብሱን ለበሰ። በአንጻሩ የአማርኛ ቋንቋው ጠፋው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ።

ዓለማየሁ ስለ ብሪታንያ የሚጠየቀውን ሁሉ ይመልስ ነበር። ስለ እርሱ ግን የጠየቀው አልነበረም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ዐፅሙ እንዲመለስ በይፋ ጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የአንድን አገር ኑሮ ተምሮ መጨረስ የራስን ማንነት እንደ ማይተካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ስለማላውቅ ነው።

፮. የእኛ ሕግ ምን ይጠይቃል?

ወደ እኛ ሕግ እንመልከት። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ፣ ዜጋ መሆን የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት በአገሪቱ የኖረ፣ ራሱን የሚያስተዳድርና አማርኛን አሳምሮ የሚናገርና የሚጽፍ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 378/1996 የኖረበትን ጊዜ አራት ዓመት አድርጎ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን፣ በቂ ገቢን፣ መልካም ጠባይንና ቃለ መሐላን ይጠይቃል። ሁለቱም የታሪክ ፈተና አያዝዙም። ሕግ አውጪዎቻችን የመረጡት መለኪያ ቋንቋ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር የቻለ ሰው ቀሪውን ከጎረቤቱ ይማረዋል የሚል ግምት ያለው መለኪያ።

ይኸው አዋጅ ግን ሌላ ከባድ ነገር ይዟል። የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ብሪታንያ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ እኛ አንፈቅድም። ስለዚህ 18 ጥያቄዎችን መልሶ፣ በአዳራሽ ቆሞ ለንጉሥ ቻርልስና ለወራሾቻቸው ታማኝ እንደሚሆን የማለ የእስቴ ልጅ፣ በዚያች ቀን በሕግ ፊት ለእናቱ አገር የውጭ ዜጋ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ቢያወጣ ያለ ቪዛ መግባት፣ መሥራትና ንብረት ማፍራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። የብሪታንያው መንግሥት ስለ ሄንሪ ሚስቶች ጠይቆታል፤ እኛ ደግሞ ምንም ሳንጠይቀው መዝገቡን ዘግተናል። በሁለቱም በኩል የሚያውቀውን ሙሉ ታሪክ የጠየቀው የለም።

፯. መስተዋቱ ወደ እኛ ሲዞር

እስካሁን የሌላውን ፈተና ስንመረምር ቆይተናል። የእኛስ? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን እንዲማሩ ተደርጓል። ሐሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን በብዙ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚያበቃው እንደዚያው ከአራት ምርጫ አንዱን በማጥቆር ነው። ተማሪው ቴዎድሮስ መቼ እንደ ሞቱ ያጠቁራል፤ መድፉ በየትኛው መንገድ፣ በእነማን ጉልበት፣ ከየትኛው ገበሬ እህል እየተቀለበ እንዳለፈ አይጠየቅም። ያ መንገድ ግን ያለፈው በእርሱ አያቶች ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል። በቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት በጌምድር በሠራዊቱ ምን ያህል እንደ ተጎዳ የሚያውቅ ሰው፣ ጀግንነታቸውን ሲያስተምር የገበሬውንም መከራ አብሮ ያስተምራል። በአገራችን የታሪክ ክርክር ወደ ጠብ የሚያመራው ሁሉም የየራሱን ቃል ይዞ «አንድም» ለሚለው ጎረቤቱ ጆሮ ሲነፍግ ነው። ብሪታንያውያን ከመጽሐፋቸው መቅደላን ማሳነሳቸውን የምንወቅስ ከሆነ፣ እኛም ከመጽሐፋችን ማንን እንዳሳነስን መመርመር ይኖርብናል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼና ለተማሪዎች ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በታሪክ ትምህርት ምዘና ቢያንስ እኩሌታው ትርጓሜ ይሁን። ለአንድ ድርጊት ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ይሰጡት፤ ተማሪው ልዩነታቸው ከምን እንደ መጣ ያስረዳ። ለማረም ጊዜ ይወስዳል፤ አውቃለሁ። በዙር አምባ ያለው መምህርም ተማሪውን አንድ በአንድ አስቀርቦ ሲሰማ ጊዜ ይወስድበታል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከገዛ ቀበሌው አንድ የቃል ታሪክ መዝግቦ ያስረክብ፦ የመንገዱን፣ የገበያውን፣ የደብሩን፣ የረኃቡን ዘመን፣ የአርበኞቹን። ተራኪዎቹ ሽማግሌዎች ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የእኛን ብራና ይዟል፤ በእነዚህ ሽማግሌዎች ልብ ያለውን ግን እኛ ካልያዝነው ማንም አይይዘውም።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች፣ መሄዱም መቅረቱም የእናንተ ውሳኔ ነው። ሄዳችሁ የፈተናውን መጽሐፍ በእጃችሁ ስትይዙ በደንብ አጥኑት፤ እንድታልፉም እመኛለሁ። ያ አገር የሚሰጣችሁን መብት ዕወቁ፤ በተለይ የሴቶችንና የሕፃናትን መብት የሚጠብቀውን ክፍል ለዘመዶቻችሁ በአማርኛ አስረዱ። መጽሐፉ ባለፈው ቦታ ሁሉ ግን በኅዳጉ ላይ የራሳችሁን «አንድም» ጻፉበት። ልጆቻችሁ ያንን መጽሐፍ አንድ ቀን ያገኙታል፤ በኅዳጉ የጻፋችሁት ሁለቱም አገሮች ከማይጠይቁት ክፍል ነውና የሚማሩት ከእናንተ ብቻ ነው።

 ጥያቄና ተቃውሞ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።